«ውሃ አጠጣው እንጂ!» ለሚሉኝ ሁሉ

ኮልፌ ውስጥ ቮልስ የያዘ ሰው መልስ ሳይዝ ከግቢው አይወጣም። ቤንዚን ቢያልቅበት በጀሪካን ይለምናል፤ ባትሪ ቢደክምበት የሰፈር ልጅ ይገፋለታል። መልስ ያጣ ዕለት ግን አለቀለት። አጠና ተራ ላይ የተወረወረች ተረብ፣ እሱ ገና በሁለተኛ ማርሽ ሲንፏቀቅ፣ 18 ማዞሪያ ቀድማው ትጠብቀዋለች።

ዕዳዬ ስለበዛ ዛሬ ጠቅልዬ ልክፈል። አበዳሪዎቼ ብዙ ናቸው። ዋናው ጋሼ ባለላዳው ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ የሚኒባስ ረዳቱ አለ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛው የጎረቤቴ ልጅ። ከሁሉም የሚከፉት ደግሞ ጋራዥ በር ላይ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ናቸው።

በረዳቱ ልጀምር፤ ድምፁ ይቀድማልና። ጦር ኃይሎች አደባባይ ላይ ተጨናንቀን ቆመን፣ ግማሽ ሰውነቱን በመስኮት አውጥቶ፦

«ፋዘር፣ ውሃ አጠጣው እንጂ! ላብ በላብ ሆኗል!»

«ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር ከተወለደ ጀምሮ ውሃ ቀምሶ አያውቅም። በሃይላንድ ጡጦ የሚያድገው ያንተ ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። አራቱ ሲሊንደሮች እንደሌላው መኪና ተሰልፈው አልቆሙም፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ጋደም ብለው ፊት ለፊት ይተያያሉ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያውን በቀጫጭን የብረት ክንፎች የተከበበ ነው። ዲናሞው ዘንግ ላይ የተቀመጠው ቬንትሌተር ቀዝቃዛ አየር ከላይ ይስባል፣ በላሜራ ቤቱ ውስጥ ወደ ታች ይገፋል፣ አየሩ በክንፎቹ መሃል አልፎ ሙቀቱን ይዞ ከሥር ይወጣል። በቃ። ውሃ የለ፣ የውሃ ፓምፕ የለ፣ የሚፈነዳ ቱቦ የለ። ይህን ሞተር በፈረንጅ 1930ዎቹ በፈርዲናንድ ፖርሽ ቢሮ ያወጣው ፍራንዝ ራይምስፒስ የሚባል ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ነው። የኔው 1300፣ በፈረንጅ 1967 ሞዴል፣ 1,285 ሲሲ ነው፤ ፒስተኑ 77 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ምቱ 69 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ እያለ 40 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር።

ጠንቁ ያለው ቺንጋው ላይ ነው። አንዲት ቺንጋ ዲናሞውንም ቬንትሌተሩንም ታዞራለች፤ ሌላ ቺንጋ የለም። ተበጥሳ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ብዙ ሰው «ባትሪ ነው፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ» ይላል። ባትሪ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው የቆመው። እዚያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው እንጂ «አለርት እስክደርስ» ያለ ሰው አለርት ሲደርስ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጋብቷል። ቺንጋዋን በአውራ ጣት መሃሏ ላይ ሲጫኗት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መግባት አለባት። ከዚያ ከላላች ትንሸራተታለች፤ ከጠበቀች የዲናሞውን ኩሽኔታ ትበላለች። መለዋወጫ አንድ ቺንጋና አንድ 21 ቁልፍ ኮፈን ውስጥ የማይዝ ባለቮልስ እግረኛ ነው፤ ገና አልወረደም እንጂ።

አሁን ወደ ጋሼ።

ጋሼ ተረብ አይወረውሩም፤ ያስቀምጡታል። ሲጋራቸውን ለኩሰው፣ ላዳቸውን ተደግፈው፣ ቀስ ብለው፦

«አንተ ልጅ፣ ሰው የሚያስበው በግንባሩ ነው። ያንተ መኪና ግን የሚያስበው በመቀመጫው ነው።»

ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ነው። «ጋሼ፣ ስለዚህ ነዋ ጭቃ የማይዘው! ክብደቱ ያረፈው በሚነዳው ጎማ ላይ ነው። የእርስዎ ላዳ ሞተሩ ፊት፣ የሚነዳው ጎማ ኋላ፤ ክረምት ሲገባ ሎሚ ሜዳ ላይ ሁለቱ ሳይገናኙ ይመሻል።»

«እሺ፣ ጭቃውን ተውልኝ። ንጉሥ ያሰረ መኪና ይዘህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?»

ይሄኛው ከበድ ይላል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው፤ አገር የሚያውቀው ታሪክ ነው። እኔ ግን የጋሼን ተረብ ገለበጥኩት፦ «ጋሼ፣ ግቢው ውስጥ ሮልስ ሮይስ ነበር እኮ! ያን ጠዋት መንገድ ላይ ቢቆምስ፣ አልነሳም ቢልስ፣ ታሪኩ የት ይደርስ ነበር? ደርግ እንኳ ማንን እንዳመነ ይዩ። ላዳዎ ታክሲ ሆኖ የመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።»

«ቢያንስ እኔ አልያዝኩም» አሉና ጢሳቸውን ወደ ቮልሴ ነፉት።

የዳገቱ ነገር ግን የሁሉም መሳቂያ ነው። ከጦር ኃይሎች ሽቅብ ስወጣ ረዳቱም፣ ሊስትሮውም፣ ጀሪካን የያዘችው ልጅም አንድ ቃል ይላሉ፦ «ማርያም ማርያም በሉት!» ምጥ ላይ ነው ማለታቸው ነው። ለዚህ መልሴ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም እውነት አላቸው፣ ጥፋቱ ግን የቮልሱ አይደለም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተር የሚጠጣው ቤንዚን ብቻ መሰለን እንጂ ዋናው ምግቡ አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። ስለዚህ ከፋብሪካ 40 ፈረስ የወጣው ሞተር ኮልፌ ሲደርስ 30 ያህል ነው የሚጎትትለት። አሥሩን ፈረስ ያስቀረው ጉምሩክ አይደለም፤ ከፍታው ነው። የጋሼ ላዳም 60 ገደማ ይዞ መጥቶ 15ቱን ጥሏል፤ እሳቸው ግን የጠፋባቸውን ስለማይቆጥሩ ሀብታም ነኝ ይላሉ።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። ካርቡሬተሩ የሚለካው ቤንዚንን ነው፤ አየሩ እንደቀጠነ አያውቅም። ለባሕር ዳርቻ የተቆረጠለትን ቤንዚን እዚህም ያፈሳል። ውጤቱ የተትረፈረፈ ቤንዚን፣ ጥቁር ጭስ፣ ቀላል ያልሆነ የነዳጅ ወጪ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት ያጥባል፣ ወርዶም ዘይቱን ያቀጥናል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የካርቡሬተሩን ዋና ጂግለር በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ዝቅ ወዳለው መለወጥ። በቂ መሆኑን የሚነግረው ካንዴላው ነው። ዳገት ወጥተህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ካንዴላውን ፍታና ጫፉን እየው። ጥቀርሻ ለብሶ ከጠቆረ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ አንሷል፣ እሱ ይባስ ያስፈራል። የማኪያቶ ቀለም ካለው ዝም ብለህ ግጠመው። «ቤንዚን ጨረሰብኝ» ብሎ ከሚያማርረው ባለቮልስ ካንዴላውን ያየው ስንቱ ነው? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያው በቴሌብርና በመሰሎቹ ስለሆነ ወጪውን ስልኩ ላይ ያየዋል፤ ምክንያቱን ካንዴላው ላይ ማየት ያቅተዋል።

አንድ ነገር ግን ለቮልስ ይመቸዋል። እምቅታው ዝቅተኛ ነው፣ 7 ከምናምን ለ1። ስለዚህ ቤንዚኑ ተራ ነው ብሎ አያኮርፍም። ማዳያ መርጦ የሚቀዳ ዘመናዊ መኪና አውቃለሁ፤ የኔው የመጣለትን ይበላል።

የጎረቤቴ ልጅ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ያችን ዝምተኛ የቻይና መኪናውን ከገዛ ወዲህ ሲያልፍ መስኮት ዝቅ ያደርጋል፦

«ጋሽዬ፣ የኔ ከፍታ አያውቅም፤ አየር አይተነፍስም።»

እውነቱን ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ እንጦጦም ጋምቤላም ለእሱ አንድ ነው። ግን ተረብ ፍርድ ቤት አይደለም፣ እውነት የያዘ አያሸንፍም፦ «መብራት ሲሄድ አንተ አትሄድም፣ ልጄ።»

«ጥር 2016 ላይ የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል እኮ፣ አልሰሙም?»

«የኔው የገባው በጃንሆይ ጊዜ ነው። አዋጁ ሲደርስ ወንበሩን ይዞ ተቀምጦ ነበር።»

«ታዲያ ሙዚየም ያስገቡት!»

«የቱ ሙዚየም ይበቃዋል? 21,529,464 ነው የተሠራው። የካቲት 1964 ላይ የፎርድን ሞዴል ቲ ሪከርድ ሰብሯል፤ የመጨረሻው ከሜክሲኮዋ ፑዌብላ የወጣው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ነው። ያንተዋ ሞዴል መለዋወጫዋ እስከ መቼ እንደሚመጣ ሻጩን ጠይቀህልኛል?»

መስኮቱን ዘጋ። መስኮቱም በኤሌክትሪክ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው፣ ስድቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው የዘጋው።

እስካሁን ያለው ጨዋታ ነው። አሁን ግን ምላሴ የሚመርርበት ቦታ ደረስኩ፤ ለተረበኛ ሳይሆን ለባለሙያ ነን ባዮች የምመልሰው አለኝ። ቮልሴን አንድ ጋራዥ አስገብቼ ሳወጣው ቀሎ አገኘሁት። ኮፈኑን ስከፍት ከሞተሩ ዙሪያ ሁለት ላሜራ የለም፣ ዳሩን የሚከበው ጎማ የለም፣ ከሥር ያለው ቴርሞስታት የለም።

«የት ሄዱ?»

«ትርፍ ናቸው፣ አባቴ። ሞተሩ ይተንፍስ ብዬ ነው።»

«የኔ ጌታ፣ ሐኪም ‹ይተንፍስ› ብሎ አንድ ሳንባህን ቢያወጣልህ ታመሰግነዋለህ?»

ጉዳዩን ላስረዳ፤ ኮልፌ ውስጥ ቮልስን የሚገድለው ይሄ ነውና። የሞተሩ ክፍል ሁለት ቤት ነው። ከላይ ቀዝቃዛው፣ ከታች ትኩሱ። በመሃላቸው ያለው ግድግዳ እነዚያ «ትርፍ» የተባሉት ላሜራዎችና ዳር ያለው ጎማ ናቸው። ግድግዳው ሲፈርስ፣ በሲሊንደሮቹ አልፎ የጋለው አየርና የማርሚታው ሙቀት ወደ ላይ ይመለሳል፤ ቬንትሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር ስቦ መልሶ ሞተሩ ላይ ይነፋዋል። ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ እየተነፈሰ ይጋያል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ መብራት ላይ ሲቆም የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ባለቤቱ ደንግጦ ወደዚያው ጋራዥ ይመለሳል። እዚያ ምን ይሉታል? «ወፍራም ዘይት አድርግበት።» በሽታውን ሳያክሙ መርፌውን ያወፍራሉ!

ቴርሞስታቱም እንዲሁ ነው። በቀኝ በኩል ከሲሊንደሮቹ ሥር የምትቀመጥ፣ ስትሞቅ የምትለጠጥ ትንሽ የነሐስ ነገር ናት። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የአየሩን በሮች ዘግታ ቶሎ እንዲሞቅ ታደርገዋለች፤ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ትከፍታቸዋለች። «አዲስ አበባ ብርድ የለም» የሚል ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከወጨጫ በኩል የሚመጣውን ውርጭ ጠዋት በ12 ሰዓት አልቀመሰውም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በዚያ ብርድ ግማሽ መንገድ ሳይሞቅ ይሄዳል፤ ቤንዚኑ ዘይት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፋሻው ይፋጫል። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሄጄ ላሜራዎቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ሻጩ «ይሄን የሚጠይቅ ሰው የለም» አለኝ። አለመጠየቁ ነው ችግሩ።

በነገራችን ላይ የድሮዎቹ ቮልሶች አንድ የታወቀ ድክመት አላቸው፤ መሰወር አይገባም። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት የዘይት ማቀዝቀዣው በላሜራ ቤቱ ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር ራስ ላይ ነው የተቀመጠው። አየሩን ቀድሞ እሱ ይወስደዋል፣ ሦስተኛው የተረፈውን ትኩስ ይበላል። ስለዚህ የቮልስ ቫልቭ ተቃጠለ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሦስተኛው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው። ኋላ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥቶ ለብቻው አየር ሰጠው። ጋሼ ይህን ቢያውቁ ኖሮ አንድ ዓመት ሙሉ ይተርቡኝ ነበር፤ አሁን አነበቡት።

ለዚያ ቫልቭ ነው በየጊዜው ከመኪናዬ ሥር የምተኛው።

ቫልቭ መለካት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ነው። የኋላውን ጎማ በክሪክ አነሳለሁ፣ ድንጋይ አስደግፋለሁ፣ ጆንያ አንጥፌ እገባለሁ። በእያንዳንዱ ጎን አንድ የቫልቭ ክዳን አለ፤ የሚይዘው ብሎን ሳይሆን ጠንካራ የሽቦ ማጠፊያ ነው። ካቻቢቴ አስገብቼ ወደ ታች ስጫነው ጧ! ብሎ ይለቃል፣ ክዳኑ ይወድቃል፣ የተረፈው ዘይት በክንዴ ወርዶ ብብቴ ይገባል። ይህን ዘይት የማያውቅ ባለቮልስ የለም። ከላይ ፑሊው ላይ ምልክቱን ከሞተሩ መሃል መጋጠሚያ ጋር አስተካክዬ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ጣት ወደ አንደኛው ሲያመለክት፣ የአንደኛውን ሁለት ቫልቮች እለካለሁ። ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የመለኪያዋ ቀጭን የብረት ቅጠል በቫልቩ ጫፍና በመቺው መሃል ገብታ ስትጎተት ትንሽ መያዝ አለባት። ከላላ ወይም ከጠበቀ 13 ቁልፍ ለዳዶው፣ ካቻቢቴ ለብሎኑ። ከዚያ ፑሊውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር። ሞተሩ የሚተኩሰው በ1-4-3-2 ቅደም ተከተል ስለሆነ ወደ ኋላ ስታዞረው 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ በተራ ይመጣልሃል፤ ወደ ኋላ መሄድ ሥራ የሚያቀልበት ቦታ ይሄ ነው።

የሚገርመው ነገር ክፍተቱ ጠብቦ የቀረ ቫልቭ ድምፅ የለውም። መካኒኩም ባለቤቱም «እንዴት ጸጥ አለ!» ብለው ይደሰታሉ። ጸጥ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ነው፤ ወንበሩ ላይ ካልተቀመጠ ሙቀቱን ለቴስታታው አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ይቃጠላል። ትንሽ ቲክ ቲክ የሚል ቮልስ ጤነኛ ነው። ረዳቱ «ልብስ ስፌት ማሽን ነው እንዴ?» ሲለኝ «አዎ፣ ያንተን አፍ ልሰፋበት ነው» እላለሁ።

አንድ ጠዋት ግን እግሬ ብቻ ከሥር ወጥቶ ሳለ ጀበናቸውን ይዘው የቆሙት እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ሰው መኪና የሚገዛው ከላዩ ሊቀመጥ ነው። አንተ ከሥሩ ልትተኛ ገዛኸው?»

መልስ የለኝም። አሁንም የለኝም። ቡናውን ጠጣሁ።

ዘይቱን ለመቀየር ብዙ ቃል አላባክንም። 2.5 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፤ በድሮው ሞተር ላይ ሊፈታና ሊጣል የሚችል የዘይት ፊልትሮ የለም፣ ከሥር ያለች የሽቦ ወንፊት ናት ያለችው። ትንሽ ዘይት ቶሎ ይቆሽሻል፤ ስለዚህ 5,000 ኪሎ ሜትር ሳይደርስ መቀየር ነው። ወንፊቷን ያዘችው ሳህን በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች ነው የምትታሰር። ጓርኒሲዮኖቿን ቀይር፣ የመዳብ ቀለበቶቿን ቀይር፣ ዳዶዎቹን በጣትህ ጉልበት እሰር። «እንዳይንጠባጠብ» ብለህ በጡንቻህ ካሰርክ ጥርሱ ይበላል፣ ያኔ ዕድሜ ልክህን ይንጠባጠባል። ጋሼ ዘይት የተንጠባጠበበትን መሬት አይተው «ሰፈሩ ላይ ምልክት እያደረገ ነው» ሲሉኝ «መመለሻውን እንዳይረሳ ነው» ብያቸዋለሁ። እሳቸው ቢያንስ ፊልትሮ አላቸው፣ ዘይታቸውም ወደ አራት ሊትር ይጠጋል፤ ሀብታም ሰው ሲስቅ ዝም ይባላል።

ፑንቲናውና ካንዴላው ቀላል ናቸው፤ ፑንቲናው 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈት፣ ማቀጣጠሉ ደግሞ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ይሁን። ሚኒሞው ቢወላገድ መጀመሪያ ካርቡሬተሩን አትንካ፤ መጀመሪያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ፑንቲና፣ በመጨረሻ ካርቡሬተር። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ መካኒክ የሚጠግነው ኪስህን ነው።

የቤንዚን ቱቦው ግን አያስቅም፤ ስለዚህ ለአንድ አንቀጽ ተረቡን አቆማለሁ። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ አዲስ አበባ ውስጥ መሸጥ ሲጀምር፣ የድሮ ጎማ ቱቦዎች ነገር ሌላ ሆነ። ኢታኖል ለእሱ ያልተሠራን ጎማ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ቮልስ ላይ ያ ቱቦ የሚያልፈው ከሞተሩ በላይ ነው። አንዳንዱ ሰው ደግሞ የፕላስቲክ ፊልትሮ ዲስትሪቢዩተሩ ራስ ላይ አንጠልጥሎ፣ ልኩ ያልሆነ ሰፊ ቱቦ በሽቦ ጠፍሮ ይሄዳል። አንዲት ጠብታ ብልጭታው ላይ ከወደቀች እሳት ነው። የሞተሩ አካል ማግኒዢየም ያለበት ቀላል ብረት ነው፤ እሳቱ እሱን ካገኘው በኋላ ውሃ ብታፈስበት ይብስበታል። ስለዚህ ቱቦውን ለኢታኖል በሚሆን ቀይር፣ በጥሩ ማሰሪያ እሰር፣ ፊልትሮውን ከሞተሩ ክፍል አውጥተህ ከማርሹ አጠገብ አድርገው፣ ከወንበርህ ሥር የዱቄት እሳት ማጥፊያ ያዝ፤ እሳቱ ገና የቤንዚን እሳት ሳለ ነው የሚያዘው። ያኔ «ውሃ አጠጣው!» የሚለኝ ረዳት ካለ፣ እውነተኛ ጠላቴ መሆኑን አውቃለሁ።

አለቀ ስል ጋሼ መጡ። ላዳቸው ጠዋት ጠዋት ትንቀጫቀጫለች፤ ቫልቭ መለካት ፈልገዋል፣ ቅጠሏ የለቻቸውም።

«ያችን የብረት ቅጠልህን አውሰኝ።»

«የላዳ ክፍተት ስንት ነው ጋሼ?»

«0.15፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ።»

ሳቅኩ። ያን ሁሉ ዘመን የተሰዳደብነው በአንዲት ቅጠል ነው! ፑንቲናቸውም 0.4 ነው። ሁለቱም አራት ሲሊንደር አላቸው፤ እሳቸው በ1-3-4-2 ይተኩሳሉ፣ እኔ በ1-4-3-2።

«ታዲያ ምን ለየን?» አልኳቸው።

«ብዙ! የኔ የፊያት 124 ልጅ ነው፤ ጣሊያን አባት አለው።»

«አባቱ ካምሻፍቱን ከታች አድርጎ በዘንግ ነበር የሚገፋው፤ የእርስዎ ሩሲያ ሄዶ ካሙን ራሱ ላይ አወጣው። የአባቱን ሞተር እንኳ ያልወረሰ ልጅ ነው።»

«ለዚህ ነዋ ክዳኑን ከፍቼ፣ ቆሜ፣ 13 እና 17 ቁልፍ ይዤ የምለካው! አንተ ሞተርህ የተኛ ነው፣ ስትለካውም አንተ ትተኛለህ።» ቅጠሏን ኪሳቸው ከተቱ። «ሁለታችሁም ከተኛችሁ መኪናውን ማን ይነዳዋል?»

«ከ18 ማዞሪያ እስከ ጦር ኃይሎች ቁልቁለት ነው፣ ጋሼ፤ ሹፌር ምን ያደርግለታል? ይልቅ ቅጠሌን ይመልሱ።»